ከሰፈር ውጭ የቀረው ሰፈር



አብነትና አካባቢው የምትኖሩ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ተራቸው ሲደርስ በር እያንኳኩ ይመጣሉ፤ በማዳበሪያ የተጠራቀመውን ተቀብለው በጋሪ እየገፉ ይሄዳሉ። በሩ ይዘጋል፣ ግቢው ይጸዳል፣ ነገሩም ከሐሳባችን ይወጣል። ስለ አካባቢ ንጽሕና ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው «ሰፈራችን ጸድቷል ወይ?» ብለን ነው። በዚህ ጽሑፍ ሌላ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ፦ ከእኛ በር የወጣው የት ደረሰ? እዚያስ የሚኖረው ማን ነው?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአብነት ተነሥታችሁ በልደታና በኮካ ኮላ በኩል ጦር ኃይሎች ብትደርሱ፣ ከዚያም የአየር ጤናን መንገድ ብትይዙ ዘነበወርቅና አለርት የሚባሉትን ሰፈሮች ታገኛላችሁ። ከእነርሱ ብዙም ሳይርቅ ረጲ አለ፤ ሕዝቡ ግን «ቆሼ» በሚለው ስም ነው የሚያውቀው። የዚህን ሥፍራ ታሪክ አብረን እንድናነብ እጋብዛችኋለሁ።

መጀመሪያ የተገፉት ሰዎች

በአገራችን የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ለረጅም ዘመን ሁለት ሸክም ይሸከም ነበር። አንዱ በገላው ላይ የወጣው ሕመም ሲሆን ሁለተኛው ሰዎች የሚያሳዩት ፊት ነው። በሽታው በዘር የሚወርድ ወይም የእርግማን ውጤት እንደሆነ ይታመን ስለነበር ታማሚው ብቻ ሳይሆን ልጆቹም ለጋብቻ አይፈለጉም ነበር። ከመንደር ወጥቶ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በጠበል ሥፍራ እየለመኑ መኖር የብዙዎች ዕጣ ሆነ። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ሕመሙን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ያገኘው በ1865 ዓ.ም. ነው። ሆኖም እውቀቱ ወደ ሕዝቡ ልብ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ።

በ1920ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ አሜሪካዊው የሕክምና ሚሲዮናዊ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቋቋም አደረጉ። ላምቢ በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የተጓዘውን የመጀመሪያውን የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ቡድን የመሩ ሰው ናቸው፤ የብዙዎቻችን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ከዚያ ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። ሆስፒታሉ በለጋ ዕድሜያቸው ባረፉት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። የሰፈሩም ስም ከዚያ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብራችሁ ልብ በሉ። ሌላው ሰው የሸሻቸውን ለማከም ሆስፒታል መሥራት ታላቅ የፍቅር ሥራ ነበር። ሆስፒታሉ የተሠራበት ሥፍራ ደግሞ ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ ነበር። የፍቅር ሥራውም ቢሆን የተሠራው ዘመኑ በተቀበለው ድንበር ውስጥ ነው፤ የታመመው ይታከማል፣ ከተማው ግን እንዳያየው ይሆናል።

በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. በዚሁ ሥፍራ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ዛሬ ሁላችንም «አለርት» የምንለው ይህንን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዶክተር ሃንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም አጠገቡ ተከፈተ። ከአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች እዚያ ሠልጥነዋል። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው የተቀናጀ መድኃኒት መሰጠት ሲጀምር፣ ሥጋ ደዌ በወራት ሕክምና የሚድን በሽታ ሆነ።

በሽታው ዳነ፤ መገፋቱ ግን አልዳነም። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሰዎች ታክመው ካበቁ በኋላ ብዙዎቹ ወደ መንደራቸው አልተመለሱም፤ የሚቀበላቸው አልነበረምና። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ፈትል ፈተሉ፣ ጥልፍ ጠለፉ። ከተማው ካስወጣቸው ሰዎች አንድ ሰፈር ተመሠረተ።

ቀጥሎ የተጣለው ቆሻሻ

አዲስ አበባ እያደገች ስትሄድ ቆሻሻዋም አደገ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ማዘጋጃ ቤቱ የከተማውን ቆሻሻ በአንድ ሥፍራ መድፋት ጀመረ። የተመረጠው ሥፍራ ረጲ ነው፤ በሥጋ ደዌ ምክንያት የተገፉት ሰዎች ሰፈር ባለበት አቅጣጫ። ምርጫው ለጊዜው ምክንያታዊ ይመስል ነበር። መሬቱ ከከተማው ውጭ ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ በዙሪያው ያሉትም «አይሆንም» ብለው የሚሰማቸው ሰዎች አይደሉም።

ይህ የመጨረሻው ምክንያት በየትኛውም የመንግሥት ወረቀት ላይ አይጻፍም። ታሪክን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ግን በብዙ ከተሞች ደጋግሞ ያገኘዋል።

ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የመላው አዲስ አበባ የቆሻሻ መድፊያ ሆኖ ኖረ። ስፋቱ ከ30 ሄክታር ይበልጣል። ሲጀመር ከታቹ መከላከያ አልተነጠፈለትም፤ በየዕለቱም አፈር አይለብስም ነበር። ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ ቅጠል። እንዲህ ያለ ነገር አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲታመቅ ሚቴን የተባለ የሚነድ ጋዝ ያመነጫል፤ ክምሩም ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ዝናብ ሲዘንብበት ደግሞ ጥቁር ፍሳሽ እየወጣ ወደ መሬትና ወደ ወንዝ ይወርዳል። እኛ የሙዝ ልጣጭ ስንጥል ይህ ሁሉ አይታየንም። እዚያ ያለው ሰው ግን በሌሊት ይተነፍሰዋል።

ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ቆሼን ዞሮ አልፎት ሄደ። ከከተማ ውጭ የነበረው ሥፍራ በከተማ መካከል ቀረ። ሌላ ቦታ ኪራይ መክፈል ያልቻሉ ሰዎች በክምሩ ጥግና ከክምሩ በታች በጭቃ፣ በላስቲክና በቆርቆሮ ቤት ሠሩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከክምሩ ላይ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ ጠርሙስና እንጨት እየለቀሙ ቤተሰባቸውን አሳደሩ።

እነዚህን ሰዎች በተመለከተ አንድ ነገር እንድታስተካክሉ እለምናችኋለሁ። «የአካባቢ ጥበቃ» የሚለው ቃል በአዳራሽ ውስጥ መነገር ከመጀመሩ በፊት ሥራውን ይሠሩ የነበሩት እነርሱ ናቸው። በየሰፈራችን «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው፣ በቆሼ ብረት የምትለቅመው እናት፣ ከአብነት ትንሽ አለፍ ብሎ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚሠራው ባለሙያ፣ ሦስቱም የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። ያለ እነርሱ የቆሼ ክምር ምን ያህል በከፍ ነበር! ከተማው ግን ለዚህ አገልግሎት ስምም ደመወዝም አልሰጠም።

ሰንዳፋና መጋቢት 2

ቆሼ መሙላቱ ከታወቀ ቆይቷል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው በሰንዳፋ አዲስ መድፊያ ተሠራ፤ በ2008 ዓ.ም. መኪናዎች ወደዚያ መሄድ ጀመሩ፣ ቆሼም ተዘጋ። የሰንዳፋ ገበሬዎች ግን ሽታው ኑሯችንን አበላሸ፣ ውኃችንና ከብቶቻችን ተጎዱ፣ አስቀድሞም በወጉ አልተነገረንም ብለው ተቃወሙ። በወራት ውስጥ መኪናዎቹ ቆሙ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ገበሬዎቹ ተሳስተዋል ልንል አንችልም፤ እኛም በእርሻችን አጠገብ የሌላ ከተማ ቆሻሻ እንዲደፋ አንፈቅድም። ግን ውጤቱን ተመልከቱ። ገበሬዎቹ «አይሆንም» ማለት ሲችሉ ሸክሙ የተመለሰው «አይሆንም» ማለት ወዳልቻሉት ነው። ቆሻሻ የመሬት ቁልቁለትን ተከትሎ ብቻ አይወርድም፤ የአቅምንም ቁልቁለት ይከተላል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሼ ክምር ተንዶ ከሥሩ ያሉትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ፍለጋው ለቀናት ቀጠለ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ። በዚያ ሌሊት በሰዎች ላይ የወደቀው የእኛ ቆሻሻ ነበር። ከአብነት የወጣ፣ ከቦሌ የወጣ፣ ከፒያሳ የወጣ፣ ከየቤተ ክርስቲያናችን የሠርግና የጉባኤ ድግስ የተረፈ።

ይህን የምጽፈው በጥፋተኝነት እንድትደቆሱ አይደለም። ሐዘን ሦስት ቀን ቆይቶ ካለፈና ምንም ካላስተማረን ግን የሞቱት ሰዎች ዳግመኛ ከከተማው ውጭ ቀሩ ማለት ነው።

ከአደጋው በኋላ አንዳንድ ነገር ተሠርቷል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያመነጭ የታቀደው የረጲ ማመንጫ ተመረቀ። በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በኩል ደግሞ ፉኩኦካ የተባለው ዘዴ በቆሼ ተሞከረ። ዘዴው ቀላል ነው፦ በክምሩ ውስጥ ቱቦ ተዘርግቶ ፍሳሹ እንዲወጣ፣ አየርም እንዲገባ ይደረጋል፤ አየር ሲገባ የሚቴኑ መጠን ይቀንሳል። እነዚህ የምሕንድስና መልሶች ጠቃሚ ናቸው። ሸክሙን ማን ይሸከም ለሚለው ጥያቄ ግን ማሽን መልስ አይሰጥም።

ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የተነሣ ስም

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁ አማኞች አሉ። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት ዋረን የምትባል ድሃ አውራጃ አለች፤ ከነዋሪዎቿ የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። የግዛቱ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር በወጣ መርዛማ ዘይት የተበከለ አፈር የሚቀበርበትን ቦታ ሲፈልግ የመረጠው ያችን አውራጃ ነው። በመስከረም 1975 ዓ.ም. መኪናዎቹ መምጣት ሲጀምሩ ሕዝቡ ኮሊ ስፕሪንግስ ከምትባል የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እየተነሣ፣ እየዘመረና እየጸለየ በሰልፍ ወጣ። አንዳንዶቹ በመኪናዎቹ ፊት መንገድ ላይ ተኙ። በሳምንታት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ታሠሩ።

አፈሩ በመጨረሻ እዚያው ተቀበረ። ለጊዜው ተሸነፉ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያ ሰልፍ «የአካባቢ ፍትሕ» የሚለውን ሐሳብ ለዓለም አስተዋወቀ። በ1979 ዓ.ም. አንድ የቤተ ክርስቲያን ኅብረት በመላው አሜሪካ ያሉትን የአደገኛ ቆሻሻ ሥፍራዎች አስጠንቶ፣ ቦታቸውን ከምንም ነገር በላይ የሚያመለክተው የነዋሪዎቹ ዘር መሆኑን አሳየ። የዋረን አፈርም ከ20 ዓመት በኋላ ከመርዙ ጸዳ። ይህ ሁሉ የጀመረው ሐሙስ ምሽት ለጸሎት እንደምንሰበሰብበት ዓይነት ካለ ቤት ነው።

በእኛም ከተማ የተነሡ ሰዎች አሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ «ጋሽ አበራ ሞላ» በሚለው ስም የታወቁት ድምፃዊው አርቲስት ስለሺ ደምሴ ወጣቶችን አስተባብረው ቆሻሻ የሚጣልባቸውን ጥጋጥጎች እያስጠረጉ አበባና ዛፍ አስተከሉ። ያን ጊዜ መጥረጊያ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ለተማረ ወጣት ውርደት ይመስል ነበር፤ እርሳቸው ክብር አደረጉት። በዘነበወርቅ የሰፈሩትንና በየክልሉ ያሉትን በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች ያሰባሰበ ብሔራዊ ማኅበርም በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመሠረተ። ሌሎች ስለ እነርሱ ሲናገሩ የኖሩትን፣ ራሳቸው ስለ ራሳቸው መናገር ጀመሩ። ፍትሕ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስና የሰፈሩ ዳርቻ

በኦሪት ሕግ ከሰፈር ውጭ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አመድ ከሰፈር ውጭ ይጣላል (ዘሌዋውያን 4፥12)፤ ለምጽ ያለበትም ሰው ከሰፈር ውጭ ይቀመጣል (ዘሌዋውያን 13፥46)። የቆሼን ታሪክ ካነበብን በኋላ ይህን ስናይ እንደነግጣለን፤ በእኛም ከተማ ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ተገናኝተዋልና።

ወደ ማርቆስ ምዕራፍ 1 መጨረሻ ሂዱ። ጌታ ኢየሱስ ለምጻሙን በቃል ብቻ መፈወስ ሲችል እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ቁጥር 45 ላይ የሚሆነውን ልብ በሉ፦ የተፈወሰው ሰው ወደ ሰዎች መካከል ገብቶ ይናገራል፣ ኢየሱስ ግን በግልጥ ወደ ከተማ መግባት አቅቶት በውጭ ይኖራል። ቦታ ተለዋወጡ። የዕብራውያን ጸሐፊም በምዕራፍ 13፥12-13 ጌታ መከራን የተቀበለው ከበር ውጭ መሆኑን አስታውሶ፣ እኛም ወደዚያው እንድንወጣ ይጠራናል። እንግዲህ ከሰፈር ውጭ ያለው ሥፍራ ለአማኝ የሚሸሸው ቦታ አይደለም። ጌታው አስቀድሞ የሄደበት ነው።

ምን እናድርግ?

የወጣቶች ኅብረታችሁ በዓመት አንድ ቀን ቲሸርት ለብሶ አስፋልት ቢጠርግ መልካም ነው። ግን በዚያ አትቁሙ።

አንደኛ፣ ከምንጩ ለዩ። የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው መለየት ትልቅ ሥራ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ አየር የሚያገኝ የብስባሽ ማዳበሪያ ቦታ ብታዘጋጁ፣ ከቅዳሜ ሠርግና ከእሑድ ሻይ የሚተርፈው ለግቢው ተክል ምግብ ይሆናል፤ ወደ ክምሩ የሚሄደውም ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የሰብሳቢዎቹን ስም እወቁ። የተሰበረ ብርጭቆና መርፌ ለብቻው ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ በባዶ እጁ የሚያነሣው ሰው ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ነው። የሚገባቸውን ክፍያ አታዘግዩ። ከእነርሱ መካከል በጉባኤያችሁ የሚያመልኩ ካሉ በሥራቸው ምክንያት ከኋላ ወንበር እንዳይቀመጡ አድርጉ።

ሦስተኛ፣ ሕጉን አንብቡ። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ትልልቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢው ሕዝብ አስተያየት እንዲሰማ ያዛል። በሰንዳፋ ሆነ በሌላ ሥፍራ፣ ሕዝብ አስቀድሞ ቢጠየቅ ብዙ እንባ ይቀራል። ሕግ የሚያጠኑ ወጣቶቻችሁ ይህን ለኅብረቱ ያስተምሩ።

አራተኛ፣ ወደ ዘነበወርቅ ስትሄዱ ካሜራ ቀድሞ አይሂድ። የሰፈሩ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ፤ ከሸማኔዎቹና ከጠላፊዎቹ በዋጋው ግዙ፤ ታሪካቸውን ከአፋቸው ስሙ።

በመጨረሻ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ከበሮቹ አንዱ የጉድፍ መጣያው በር ነበር። ያን በር ማን እንዳደሰው ነህምያ 3፥14 ይነግረናል፦ የሬካብ ልጅ መልክያ። ይህ ሰው ተራ ሠራተኛ አልነበረም፤ የአንድ ግዛት አለቃ ነበር። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 5 ላይ ደግሞ ታላላቆቻቸው ለሥራው አንገታቸውን ዝቅ ያላደረጉ ሰዎች ተጠቅሰዋል። መልክያ ግን ከተማው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍበትን በር ራሱ ወስዶ መዝጊያውን አቆመ፣ ቁልፉንና መወርወሪያውን አደረገ። ስሙ እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎ የቀረው ለዚህ ሥራ ነው።

በአዲስ አበባም ይህ በር አለ፤ የእናንተን ትውልድ እየጠበቀ ነው። ጌታ ይርዳችሁ።